ሩት ካናል፦ ጥርስ ከማስነቀል በፊት

ባሕር ዳር ላይ ጥርሱን ያመመው ሰው ከዘመድ ወዳጅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር «አስነቅለህ ተገላገል» ነው። ከነቀላ በፊት ግን አንድ አማራጭ አለ፤ የጥርስ ስር ሕክምና ወይም ሩት ካናል።

ጥርስ ከላይ ድንጋይ ይምሰል እንጂ ውስጡ ነርቭና የደም ሥር አለው። እነዚህ በቀጫጭን ቦዮች እስከ ስሩ ጫፍ ይወርዳሉ። የፊት ጥርስ ብዙውን ጊዜ 1 ቦይ ሲኖረው መንጋጋ 3 ወይም 4 ይኖረዋል። መንጋጋ ሲታከም ጊዜ የሚፈጀው ለዚህ ነው።

ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ጠዝጥዞ ወዲያው የሚለቅ ጥርስ ብዙ ጊዜ ሙሌት ይበቃዋል። ትኩስ የዘጌ ቡና ፉት ካሉ በኋላ ሕመሙ ለደቂቃዎች ከቆየ፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ ግን ነርቩ ላይድን ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የጥርሱ መጥቆርና ድድ ላይ የሚወጣ መግል የያዘ እባጭም ምልክቶች ናቸው።

አሳሳቹ ነገር ሕመሙ በድንገት ጸጥ ሲል ነው። ቅርንፉዱ ወይም አሞክሲሲሊኑ የሠራ ይመስላል። ነርቩ ሞቶ ይሆናል እንጂ ኢንፌክሽኑ ስሩ ጫፍ ላይ አጥንቱን መብላቱን ይቀጥላል። የሞተው ክፍል ደም ስለማይደርሰው ክኒን ብቻውን አያጸዳውም። ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ፣ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ ቀጠሮ መጠበቅ የለም፤ በቀጥታ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሕክምናው በራጅ ይጀምራል። ጥርሱ ከደነዘዘ በኋላ ከአናቱ ይከፈታል፤ ቦዮቹ ፋይል በሚባሉ ቀጫጭን መርፌ መሰል መሣሪያዎች ይጠረጋሉ። ከዚያ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይታጠባሉ፤ አዎ፣ በረኪና ውስጥ ያለው ነው። በመጨረሻ ጉታ ፐርቻ በሚባል ጎማ መሰል ነገር ይደፈናሉ። ማደንዘዣው በደንብ ከያዘ ስቃዩ እንደሚወራው አይደለም። መንጋጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን ከላይ የሚሸፍን ቆብ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ሲያኝኩበት ሊሰበር ይችላል።

ከደቅ ደሴት በጀልባ ለሚመጣ ሰው 2 ወይም 3 ጊዜ መመላለስ ቀላል አይደለም። በአንድ ቀጠሮ የሚያልቅም ስላለ መጀመሪያውኑ መጠየቅ ነው። ጊዜያዊ ሙሌት አስደርጎ መቅረት ግን ልፋቱን ገደል መክተት ነው፤ ሙሌቱ ሲላላ ባክቴሪያው ተመልሶ ይገባል። ስሩ ለሁለት ከተሰነጠቀ ወይም ክራውን የሚሸከም ጥርስ ካልቀረ ነቀላው ራሱ ትክክለኛው ሕክምና ነው።