የተላቀቀ ሬቲና በምስል ሲታይ

የቆየ ቤት ልስን መቼም ጎንደር ላይ አይጠፋም። ክረምት ሲገባ ውሃው ትንሽ ስንጥቅ ያገኝና ይሰርጋል፣ ከኖራው ጀርባ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ልስኑ ከድንጋዩ ተለይቶ ይነፋል። ሬቲናም የሚላቀቀው እንደዚሁ ነው። ሬቲና ማለት የዓይናችንን የኋላ ግድግዳ የለበሰው፣ ውፍረቱ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ የሆነው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው። ሲቀደድ በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ በቀዳዳው ሾልኮ ከጀርባው ይገባና ከሚመግበው የደም ሥር ይለየዋል።

አያምም። ክፋቱም እሱ ነው። መጀመሪያ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ትንኝ ወይም ጥላሸት የመሰለ ነገር ዓይን ላይ ይንሳፈፋል፣ ቀጥሎ ከአንድ ጎን ጥላ እንደ መጋረጃ ይመጣል። እኛ ሀገር ደግሞ ጥላ ሲባል ዓይነ ጥላ የሚል አይጠፋም፤ ፀበሉም ይቅር አልልም፣ ግን እዚህ ጋ አንድ ቀን ራሱ ዋጋ አለው። በቅርበት ብቻ የሚያዩ ሰዎች፣ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉና ዓይናቸውን የተመቱ በይበልጥ ይጋለጣሉ። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ሬቲናው ሳይቀደድም እላዩ ላይ የሚፈጠር ጠባሳ ጎትቶ ሊያላቅቀው ይችላል።

ሕያው ሬቲናን ማየት የተቻለው ጀርመናዊው ሄልምሆልትስ እ.ኤ.አ. በ1851 የዓይን ውስጥ መመልከቻውን ካስተዋወቀ በኋላ ነው። ማየቱ ግን ብቻውን አላዳነም። ሬቲናውን ያላቀቀው ቀዳዳው እንደሆነ፣ እሱ ተፈልጎ ካልተዘጋ ዓይኑ እንደማይድን ያሳየው ስዊዘርላንዳዊው ዡል ጎናን ነው፣ ያውም በ1920ዎቹ። ስለዚህ ዛሬም ሐኪሙ ጠብታ ጨምሮ፣ መብራቱን ግንባሩ ላይ አስሮ፣ ሌንስ በእጁ ይዞ ቀዳዳ ይፈልጋል። (ጠብታው ብሌንን ስለሚያሰፋ ከዚያ ወጥቶ የፒያሳን ፀሐይ መጋፈጥ ቀላል አይደለም፣ ኮፍያ ያዙ።)

ተራው የሬቲና ካሜራ በአንዴ የሚያነሳው ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀዳዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዳር ላይ ነው የሚደበቀው። እስከ 200 ዲግሪ የሚሸፍን ካሜራ አለ፣ እሱም ቢሆን የሐኪሙን ዓይን አይተካም። በአጭሩ፣ ፎቶው ንጹህ ነው ማለት ዓይኑ ደህና ነው ማለት አይደለም።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ አልትራሳውንድ ነው። አዎ፣ ያው ለእርጉዝ የምናውቀው። ዓይኑ በሞራ ከተጋረደ ወይም ውስጡ ደም ከሞላ ብርሃን አያልፍም፣ ድምፅ ግን ያልፋል። በተዘጋ የዓይን ቆብ ላይ ጄል ይቀባል፣ መሣሪያው ይጠጋል፣ በቃ። ሬቲናው ሙሉ በሙሉ ከተላቀቀ፣ ከዓይን ነርቩ ጋር እንደተያያዘ ተከፍቶ የቆመ የላቲን ቪ ፊደል የመሰለ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። በጥይት ወይም በእንጨት ተወግቶ የተከፈተ ዓይን ላይ ግን አይጫኑም።

ኦሲቲ የሚባለው ማሽን በ1991 እ.ኤ.አ. የመጣ ነው። በብርሃን ሬቲናውን እንደ ተቆረጠ ዳቦ ንብርብሩን ያሳያል። የሚመልሰው ትልቁ ጥያቄ ማኩላ፣ ማለትም የምናነብበትና ፊት የምንለይበት መሃሉ፣ ተላቅቋል ወይስ አልተላቀቀም የሚለው ነው። ካልተላቀቀ፣ እሱም ሳይላቀቅ ለመድረስ ጉዳዩ የሰዓታት ነው።

ጎንደር ላይ ይህ ጥያቄ ይከብዳል። ዩኒቨርሲቲው በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ነው፣ ሆስፒታሉም የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል አለው፣ የዓይን ሐኪምም ኦፕቶሜትሪስትም ያወጣል። ግን የሬቲና ቀዶ ሕክምና በአገሪቱ በጥቂት ቦታ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ምስሉ በሽታውን ከመለየት አልፎ ማን ቀድሞ ይታከም፣ ማን ጥቂት ይታገሥ የሚለውንም ይወስናል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሬቲናውን ቦታው ላይ ደግፎ እንዲይዝ ዓይን ውስጥ ጋዝ ሊሞላ ይችላል፤ እንደ ዓይነቱ ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ይቆያል። ከፍታ ላይ ጋዝ ይለጠጣል፣ የዓይን ግፊትም ይጨምራል። ስለዚህ አውሮፕላን ክልክል ነው፤ ከጎንደር ደባርቅ እንኳ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ስለሆነ ሐኪም ሳይጠየቅ አይወጣም። አልትራሳውንዱም ጋዙን አልፎ አያይም። በእነዚያ ሳምንታት የሚታየውን ምስል የሚያየው በሽተኛው ራሱ ነው፦ እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ የሚወዛወዝ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ዝቅ የሚል መስመር።