እንክርዳድ አይበጠርም

ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው። «እንክርዳዱን ከስንዴው አበጥረን እንጣል» የምትል ዓረፍተ ነገር ሳታጋጥመኝ ወር አይሞላም። ሰለቸኝ! ጸሐፊው አውድማ አይቶ እንደማያውቅ ከዚያች አንዲት ግስ ይታወቃል።

የሚበጠረው ገለባ ነው። በመንሽ ወደ ላይ ሲበተን ነፋስ ይወስደዋል፣ ስንዴው ይወድቃል። ማቴዎስ ምዕራፍ 3 ላይ ያለው መንሽም ለገለባ ነው። እንክርዳድ ግን ራሱን የቻለ፣ ፍሬ የሚያፈራ ሣር ነው። ፍሬው ከስንዴ ብዙም ስለማይርቅ ነፋስ በቀላሉ አይለየውም። አያቴ ሰፌድ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ ታስለቅመኝ ነበር፣ ዓይኔ እስኪፈዝ። እንክርዳድ ይለቀማል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። ሰው ከማኅበር ማባረር የፈለገ ሁሉ ማቴዎስ 13ን ይጠቅሳል። እስኪ አንብቡት! ሠራተኞቹ «ሄደን እንልቀመው?» ሲሉ ባለቤቱ እምቢ ነው ያለው። ስንዴውም አብሮ ይነቀላል፣ እስከ መከር ይቆዩ አለ። ገበሬ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እንክርዳድ ቡቃያው ቁርጥ ስንዴ ነው፤ ደህና አድርጎ የሚለየው ዛላ ሲያወጣ ነው። ያኔ ደግሞ ሥሩ ከስንዴው ጋር ተጠላልፏል። አንድ የማኅበር ሊቀመንበር «እንክርዳዶቹን አሁኑኑ እንንቀል» ብሎ ጽፎ ላከልኝ። ጥቅሱን ከነቁጥሩ መለስኩለት። ጥቅሱን አወጣው፤ ሰዎቹን ከማባረር ግን አልተመለሰም።

ሌሎቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ላንሳቸው።

«እንክርዳድ ማለት አረም ማለት ነው።» ስናርና ሙጃም አረም ናቸው፣ እንክርዳድ ግን አይደሉም።

«ስንዴ መሬቱ ሲከፋበት እንክርዳድ ይሆናል።» አይሆንም። የጥንት ግሪኮችም ይሉት ነበር። ከዘር ጋር ተቀላቅሎ በየዓመቱ ስለሚዘራ ነው የሚበዛው።

«ያሰክራል የሚባለው የአሮጊት ወሬ ነው።» አሮጊቶቹ ልክ ናቸው። ሳይንሳዊ ስሙ ሎሊየም ቴሙሌንተም ነው፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን ሰካራም ማለት ነው። ፈረንሳዮችም ስሙን ያወጡለት ከስካር ነው። ጥፋቱ የሚላከከው ፍሬው ውስጥ በሚኖር ፈንገስ ላይ ነው። ብዙ የበላ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል።

ስለዚህ ስንዴ ከገበያ ገዝታችሁ ወፍጮ ቤት የምትልኩ ሰዎች፣ መጀመሪያ ልቀሙ። ቀጠን፣ ጠቆር ያለውን ፈልጉ። በቀን ብርሃን ይሁን፤ መነጽር ያላችሁም አድርጉ።