«ግፊት አለብዎት፣ አርፈው ይቀመጡ» ማለት ይብቃ

አንድ ሰው ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም እንዳለበት ሲነገረው ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚነጥቀው እግሩን ነው። «አባባ፣ እርስዎ አይነሡ፣ እኛ እናመጣለን።» በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ይህን በሰማሁ ቁጥር ትዕግሥቴ ያልቃል። ከፍቅር መሆኑ አይጠፋኝም፤ ግን ይጎዳል። የማውቃቸው አንድ አባት ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። ግፊታቸው ሲታወቅ ልጆቻቸው በመኪና ማድረስ ጀመሩ። ወራት ሳይቆጠሩ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፤ ግፊታቸውም አልወረደ።

ድሮ ሐኪሞችም የልብ ደም ሥሩ የተዘጋበትን ሰው ለሳምንታት አልጋ ላይ ያውሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ግን ብሪታኒያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶብስ ሠራተኞች ላይ የተሠራ ጥናት አወጣ፦ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች ተቀምጠው ከሚነዱት ሹፌሮች ያነሰ የልብ ሕመም ነበረባቸው። ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ነው። እንቅስቃሴ የለመደ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል፤ ስለዚህ በእረፍት ጊዜ ቀስ ብሎ ይመታል። የደም ሥሮችም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ አመንጭተው ይሰፋሉ፣ ግፊት ይወርዳል። ይህ ማለት ኪኒን ይቁም ማለት አይደለም።

ላለመንቀሳቀስ የሚቀርበው ሰበብ ብዙ ነው። «ቀጭን ነኝ፣ እንቅስቃሴ አያስፈልገኝም።» ቀጭንም ግፊትና ስኳር ይይዘዋል።

«ካላላበኝ አይቆጠርም።» ላብ የሙቀት ጉዳይ ነው፤ የሚለካው የልብ ምትና ትንፋሽ ነው።

«በዚህ ዕድሜ አእምሮ አይመለስም።» እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የወጣ ጥናት 120 አረጋውያንን ተከታትሎ ነበር። ለአንድ ዓመት በሳምንት 3 ቀን 40 ደቂቃ በፍጥነት የተራመዱት፣ የማስታወስ ማዕከል የሆነው ሂፖካምፐሳቸው 2 በመቶ ገደማ አደገ። ሰውነት ማፍታታት ብቻ የሠሩት ግን ቀነሰባቸው። እናታችሁ ነገር መርሳት ጀምረው ከሆነ ከቤት አታስቀሯቸው፣ አብራችሁ ውጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጂም አያስፈልግም፤ ፈጠን ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልኩ እሱ ነው። ሳይንቀሳቀሱ የቆዩ ሰዎች በ10 ደቂቃ ይጀምሩ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ይጨምሩ። ልክ ሲጨርሱ ዝም ብሎ መቆም የለም፤ ቀስ እያሉ ነው የሚቆመው። ደረት ከጨመደደ፣ ራስ ካዞረ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው አቁመው ሐኪም ጋ ይሂዱ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ይሰማ። በልጅነት ከቶንሲል በመጣ ሕመም የልብ ቫልቩ (ደም የሚያሳልፈው የልብ በር) የተጎዳ ሰው በአገራችን ብዙ ነው። ቫልቩ የጠበበ ከሆነ ጠንካራ እንቅስቃሴ አደጋ አለው፤ ምን ያህል መሄድ እንደሚችል መጀመሪያ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሥቶ ሐኪሙን ይጠይቅ።