ያላረጁት የእሽቅድምድም ጌሞች

ሲሙሌሽን የሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ጌም ጎማው አስፋልቱን ምን ያህል እንደያዘና መኪናው ሲታጠፍ ክብደቱ ወዴት እንዳጋደለ ያሰላል። ግድግዳ ገጭቶ መቀጠል የለም።

ጅማ ውስጥ ጌም ቤት ገብቶ ይሄን የሚጠይቅ ብዙ ሰው አይገኝም። ጌም ቤት የኳስ ነው። ሁለት ሰው ይገጥማል፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ተረኛው ይቀመጣል። ሲሙሌሽን ግን ብቻን ሆኖ አንዷን ኩርባ ደጋግሞ መልመድ ይፈልጋል። ስለዚህ ቦታው የተማሪ ላፕቶፕና ቤት ያለ አሮጌ ፕሌይስቴሽን ቱ ነው። እዚያ ደግሞ የድሮው ጌም ያሸንፋል።

በ2004 (እ.ኤ.አ.) ለፕሌይስቴሽን ቱ የወጣው ግራን ቱሪስሞ 4 የተባለው የመኪና ጌም ከ700 በላይ መኪኖችን በአንድ ዲቪዲ ይዞ መጣ። ዲስኩን መክተት ነው፣ አለቀ። በ2022 የወጣው ግራን ቱሪስሞ 7 ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይወስዳል፤ አብዛኛው ክፍሉም ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። ገና በወጣበት ወር ሰርቨሩ (ጌሙ በኢንተርኔት የሚገናኘው የኩባንያው ኮምፒውተር) ከአንድ ቀን በላይ ተቋርጦ ተጫዋቹ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ጠብቋል። የሌላው የመኪና ጌም፣ የዘ ክሩ፣ ዕጣ ከዚህም ይብሳል። ሲሙሌሽን ባይባልም፣ ሠሪው ኩባንያ ዩቢሶፍት በ2024 ሰርቨሩን ሲዘጋው ገንዘብ ከፍሎ የገዛውም ሰው መጫወት አልቻለም።

ነገሩ የኢንተርኔት ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈጣን ዋይፋይ ያላቸው አገሮች የድሮዎቹን በረሷቸው ነበር። አልረሷቸውም። የ1998ቱ ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስ የ1967ን የፎርሙላ ዋን ዘመን ያስነዳል። መኪኖቹ ክንፍ የላቸውም፣ ጎማቸው ቀጭን ነው፣ ጉልበታቸው ግን ብዙ ነው። ጀማሪ የመጀመሪያውን ኩርባ ሳያልፍ ይሽከረከራል። ሪቻርድ በርንስ ራሊ (2004) ደግሞ በ2001 የዓለም ራሊ ሻምፒዮን በሆነው እንግሊዛዊ ስም የተሠራ ነው። በጠጠርና በበረዶ ላይ ያስነዳል፣ ፍሬን የያዘበትን ቦታ የሳተ ገደል ይገባል። የግቤን ቁልቁለት በአውቶቡስ የወረደ ጅማዊ ሹፌሩ ለምን በከባድ ማርሽ እንደሚወርድ ያውቃል፤ ጌሙም የሚያስተምረው ይሄንኑ ነው። ኩባንያው ከተወው በኋላ አፍቃሪዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ መንገዶች ጨመሩለት፣ የመኪናውንም ጠባይ አስተካከሉ። ለእኔ ዋናው ምክንያት ይሄ ነው፦ ጌሙ ተከፍቶ ሊጠገን ይችላል።

አሴቶ ኮርሳ የተባለው ሲሙሌሽንም ለዚህ ምስክር ነው። ከ2014 ጀምሮ ሰው መኪናና መንገድ እየሠራ ሲጨምርበት ቆየ። ለመነካካት እምብዛም የማይፈቅደውን ተከታዩን ጌም፣ አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔን፣ በተጫዋች ብዛት ሲበልጠው ኖሯል።

አዲሶቹም የራሳቸው ጸጋ አላቸው። መንገዶቹ በሌዘር ተለክተው ስለሚሠሩ የአስፋልቱ ጉብታ ሳይቀር ይታወቃል። በኢንተርኔት የሚያሽቀዳድመው አይሬሲንግ ደግሞ ከዓለም ዳር ካለ ሰው ጋር በእኩል ያጋጥማል። ግን ክፍያው በየጊዜው የሚታደስ፣ ያውም በዶላር ነው፤ ለዚያ የሚሆን ካርድ ደግሞ ጅማ ውስጥ ስንት ተማሪ ኪስ ይገኛል?