ዘፈኑን ሁሉም የሚያውቀው ቲያትር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አንድ የአማተር ቲያትር ቡድን፣ ሕዝብ ድሮ በሚያውቃቸው ዘፈኖች የተሠራ፣ ላባና ብልጭልጭ የሞላበት ሙዚቃዊ ቲያትር ሊያዘጋጅ ነው ሲባል ብዙ ሰው «እሱማ ቀላል ነው» ይላል። ከባድ ድራማ የሚሠሩ ሰዎች ሳይቀሩ እንደ እረፍት ያዩታል። ከመድረክ ጀርባ ሆኖ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዘወትር የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ልያዛቸው።

«ዘፈኖቹን ሁሉም ስለሚያውቃቸው ብዙ ልምምድ አይፈልጉም»

እንዲያውም የበለጠ ይፈልጋሉ። ተዋናዩ በቃሉ የያዘው የታተመውን ቅጂ ነው፤ ድምፃዊው የት እንደሚተነፍስ፣ የትኛውን ቃል እንደሚጎትት ጆሮው ውስጥ ተቀምጧል። ለመድረክ ሲቀናበር ያው ዘፈን ለሦስት ገፀ ባሕርያት ይከፋፈላል፤ ከተለመደው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ መሐሉ ላይ ንግግር ይገባበታል። ለምሳሌ ከመጀመሪያው ስንኝ በኋላ ባንዱ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ ሲጠብቅ ሁለት ተዋንያን ይነጋገራሉ እንበል። በቅጂው እዚያ ቦታ ላይ አዝማቹ ይገባል። ዘፋኟ ወረቀቷ ላይ «ጠብቂ» ተብሎ በቀይ ተጽፎላት እያለ አዝማቹን ታነሳዋለች፤ የጓደኛዋ ንግግርም ሳያልቅ ይዋጣል። ይህን ልማድ ማስረሳት አዲስ ዜማ ከማስጠናት በላይ ጊዜ ይበላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዋናውን ቅጂ እንዳታዳምጡ ብለው የሚያስጠነቅቁ የሙዚቃ መሪዎች ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ተመልካቹም አለ። በማይታወቅ ዜማ ላይ አንድ ኖታ ቢሳት ማን ያውቃል? ልጅ አዋቂው የሚያንጎራጉረው ዘፈን ላይ ሲሳት ግን አዳራሹ በሙሉ ይሰማል።

«የታወቀ ዘፈን ሰብስቦ ታሪክ መለጠፍ የዘመኑ ስንፍና ነው»

ዘዴው የዘመኑ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1728 ለንደን ላይ የታየው የጆን ጌይ «የለማኙ ኦፔራ» ሕዝቡ በሚያውቃቸው ዜማዎች ላይ አዲስ ግጥም አስቀምጦ ነው ከተማውን ያነጋገረው። አባ (ABBA) በተባለው የስዊድን የሙዚቃ ቡድን ዘፈኖች የተሠራው «ማማ ሚያ!» እ.ኤ.አ. በ1999 እዚያው ለንደን ሲከፈት ደግሞ ግጥሞቹን በአብዛኛው እንዳሉ ይዞ በእናትና በልጅ ታሪክ ውስጥ አስገባቸው። ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ እያየ የሚሳሳ ወላጅ ዘፈን፣ ልጇን ለሠርጓ የምታለብስ እናት ዘፈን ሆነ። ቃሉ ያው ነው፤ የሚከብደው ተመልካቹ «ይሄ ዘፈን የተጻፈው ለዚህች እናት ነው» ብሎ እንዲያምን ማድረግ ነው። ስንፍና የሚሉት ሰዎች ይህን የሞከሩት አይመስለኝም።

«አማተር ነን፣ ትርፍ የለንም፤ ፈቃድ ምን ያደርግልናል?»

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። መግቢያው በነፃ ቢሆንም፣ ገቢው በሙሉ ለበጎ አድራጎት ቢውልም፣ መብቱ የተጠበቀ ቲያትር ለሕዝብ ሲቀርብ የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። አዳራሹ ሙዚቃ ለማሰማት ያወጣው ፈቃድ ይበቃል የሚሉም አሉ። አይበቃም። አንድን ዘፈን ለብቻው ማሰማትና ያንኑ ዘፈን አልባሳት በለበሰ ገፀ ባሕርይ አፍ፣ በታሪክ ውስጥ ማቅረብ የተለያየ ፈቃድ የሚጠይቁ ነገሮች ናቸው። ለአማተር ቡድኖች ፈቃድ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉንና ኖታውንም የሚያከራዩት እነሱ ናቸው። ባለሙያ ቡድን ያንኑ ሥራ ይዞ በአካባቢው ሊዞር ካሰበ ለአማተሮች ሊከለከል ስለሚችል፣ መልሱ በጽሑፍ ሳይመጣ ፖስተር ማተም የለም። ከተፈቀደም በኋላ «ይቺን ዘፈን አውጥተን በምንወዳት እንተካት» ማለት አይቻልም፤ ትርኢቱን ቀርፆ ኢንተርኔት ላይ መጫንም ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠይቃል። ዘፈኑን ያገኘነው ሌላ ሰው ደክሞበት ስለጻፈው ነው፤ እሱን ማክበር ከልምምዱ ይቀድማል።

«ብልጭልጩ ጉድለትን ይሸፍናል»

ይገልጠዋል እንጂ! መብራት የሚያብረቀርቅ ልብስ ላይ ሲያርፍ ትንሿን እንቅስቃሴ ሁሉ ያጎላል። በሰልፍ ከቆሙት አንዱ ክንዱን ዘግየት አድርጎ ቢያነሳ፣ በጥቁር ልብስ ይታለፍ ይሆናል፤ በወርቃማው አይታለፍም።

ደግሞ የልብስ ቅየራው አለ። ተዋናዩ ከመድረክ ወጥቶ፣ ባንዱ ጥቂት ሐረግ እስኪጫወት ድረስ፣ ሌላ ሰው መስሎ መመለስ አለበት። ከፊት የሚታዩት ቁልፎች ለጌጥ የተሰፉ ናቸው፤ ልብሱን የያዘው ከሥራቸው ያለው ቬልክሮ፣ ማለትም ሲጫኑት የሚጣበቅ፣ ሲስቡት የሚላቀቅ ማያያዣ ነው። ቀጣዩ ልብስ ከውስጥ ተለብሷል። ጫማው ማሰሪያው ተፈትቶ፣ ተዋናዩ በሚቆምበት አቅጣጫ ዞሮ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። አንዷ ረዳት ዚፑን ስትከፍት ሌላው ዊጉን ይዞ ይጠብቃል፤ ግንባሩ ላይ በፕላስተር የተያዘች ማይክሮፎን ስላለች ዊጉ የሚጠለቀው በጥንቃቄ ነው። ላብ ከገባባት ድምፅ ታቋርጣለች። ይህ ሁሉ በጨለማ፣ ያለ ንግግር ይከናወናል፤ እንደ ውዝዋዜው ሁሉ በሰዓት እየተለካ ልምምድ ካልተደረገበት አይሳካም። ባለ ታኮ ጫማውም እንደዚያው፦ መደነስ ያለበት ሰው በመጨረሻው ሳምንት ከተሰጠው ቁርጭምጭሚቱ ይጎዳል፤ ቀደም ብሎ ይሰጠው።

«ደማቅ ትወና ማለት ማጋነን ነው»

ልብሱና መብራቱ ከተጋነኑ ይበቃል። ተዋናዩ የገፀ ባሕርዩን ሐዘንና ፍቅር ከልቡ ካልያዘው ላባው ላባ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«ከኋላ ያሉት ማሟያ ናቸው»

ዋና ገፀ ባሕርይ ያልደረሳቸው፣ «ኮረስ» የሚባሉት ሰዎች በአንድ ምሽት ደንበኛ፣ መንገደኛ፣ ዳንሰኛ እየሆኑ ይመላለሳሉ፤ ከፍተኛውን የልብስ ቅየራም ብዙ ጊዜ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ውዝዋዜው ትንፋሽ ሲያሳጣ ደግሞ አንዳንዶቹ ከመጋረጃው ጀርባ ማይክሮፎን ፊት ቆመው፣ የሙዚቃ መሪውን እጅ በትንሽ ስክሪን እየተከተሉ፣ የአዝማቹን ድምፅ ይሞላሉ። ተመልካቹ አያያቸውም፤ «ዛሬ እንዴት ዘፈኑ!» የሚለው ግን የእነሱንም ድምፅ ሰምቶ ነው። ለሚና ፈተና የመጣ ሰው «ኮረሱ ውስጥ ነህ» ሲባል የሚከፋበት ምክንያት አይታየኝም።