የቤት ውስጥ አኳሪየምን እንደገና ማደራጀት

የቤት ውስጥ አኳሪየምን እንደገና ማደራጀት ማለት በመስታወት ገንዳው ውስጥ ያሉትን ድንጋዮች፣ እንጨቶች፣ የውሃ ዕፅዋትና የወለል አሸዋ በማዛወር ወይም በሌላ በመተካት ለገንዳው አዲስ ገጽታ መስጠት ነው። አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚጀምረው የቆየው ገጽታ ስለሰለቸው ቢሆንም ለዓሦቹ ጉዳዩ የመልክ ለውጥ ብቻ አይደለም፤ የሚደበቁበት፣ እንቁላል የሚጥሉበትና ከሌላው የሚከላከሉት ቦታ በአንድ ቀን ይለወጥባቸዋል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ስኬት በመጀመሪያ በዓሦቹ ጤንነት፣ ቀጥሎ ደግሞ በውበቱ ሊመዘን ይገባል።

ዓሣንና የውሃ ዕፅን በአንድ ገንዳ አመጣጥኖ የማኖር ዘዴ የሳይንስ መሠረት የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ወርቃማ ዓሦችን ከውሃ ዕፅና የሚበሰብሰውን ቅጠል ከሚያጸዱ ቀንድ አውጣዎች ጋር አኑሮ ያገኘውን ውጤት በ1850 እ.ኤ.አ. አቀረበ፤ በ1853 ደግሞ የለንደን መካነ እንስሳት ለሕዝብ ክፍት የሆነ የዓሣ ቤት ሠራ። የገንዳውን ውስጥ ማስዋብ ራሱን የቻለ ጥበብ የሆነው ግን ዘግይቶ ነው። በኔዘርላንድ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የዳበረው ዘይቤ ድንጋይና እንጨትን ብዙም አይፈልግም፤ በቀለም፣ በቅጠል ቅርጽና በቁመት የሚለያዩ ዕፅዋትን በረድፍ እየተከለ ያበላልጣል። በዚህ መስክ ከሁሉ የላቀ ተጽዕኖ ያሳደረው ግን ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ (1954–2015) ነው። አማኖ የተራራን፣ የሜዳንና የጫካን መልክዐ ምድር በውሃ ውስጥ ለማሳየት ደከመ፤ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመት በሊዝበን ውቅያኖሳዊ አኳሪየም የተከፈተው ሥራው 40 ሜትር ርዝመት ያለውና 160 ሺህ ሊትር ውሃ የያዘ ነው።

ከጃፓን ዘይቤዎች አንዱ የሆነው ኢዋጉሚ በድንጋይ አደራደር ላይ የተመሠረተ ነው። ድንጋዮቹ ብዙውን ጊዜ ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት ይሆናሉ፤ ከሁሉ የሚተልቀው ዋናው ድንጋይ በገንዳው መሃል ሳይሆን ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛ አካባቢ ይቀመጣል፤ ሌሎቹም ወደ እሱ ያዘነብላሉ። አሸዋው ከፊት ዝቅ፣ ከኋላ ከፍ ብሎ ሲነጠፍ ጠባቡ ገንዳ ጥልቀት ያለው ይመስላል። ይህ ቀላል የሚመስል ስልት ከብዙ ውድ ማስዋቢያ የበለጠ ገንዳውን ይለውጠዋል።

የሚገቡት ነገሮች መመረጥ ያለባቸው ከመልካቸው በፊት በውሃው ላይ በሚያደርሱት ለውጥ ነው። ድንጋይ ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ካወጣ ካልሲየም ካርቦኔት አለበት ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ድንጋይ ቀስ በቀስ እየሟሟ የውሃውን ጥንካሬ (የሟሙ ማዕድናቱን መጠን) እና ፒኤች (አሲዳማነቱ ሲቀንስ ከፍ የሚል ልኬት) ከፍ ያደርጋል። ይህ ለማላዊ ሐይቅ ዓሦች ሲስማማ፣ ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ለለመዱ የአማዞን ዓሦች አይመችም። እንጨት በተቃራኒው ታኒን የሚባል ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር እየለቀቀ ውሃውን ቡናማ ያደርገዋል፤ አስቀድሞ ተቀቅሎ ወይም ለሳምንታት ተነክሮ ከገባ ቀለሙ ይቀንሳል፣ መንሳፈፉንም ይተዋል። ከባድ ድንጋይ ከአሸዋ በፊት በገንዳው ወለል ላይ ተደላድሎ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ቆፋሪ ዓሦች ከሥሩ አሸዋውን ሲያወጡት ተንዶ መስታወቱን ሊሰብር ይችላል። አኑቢያስና የጃቫ ፈርን የሚባሉት የውሃ ዕፅዋት ሲተከሉ አግዳሚው ግንዳቸው ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ በክር ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ጋር መታሰር ይሻላቸዋል። እንደ ኮሪዶራስ ያሉ ወለሉን በአፋቸው የሚፈትሹ ዓሦች ሹል ጠጠር ሳይሆን ደቃቅ አሸዋ ይፈልጋሉ።

ብዙ ገንዳ የሚበላሸው ግን ዓይን በማያየው ነገር ነው። ዓሦች የሚያስወጡት አሞኒያ መርዝ ነው፤ በፊልተሩ (በውሃ ማጣሪያው)፣ በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። አንድ አዲስ ገንዳ ይህን የባክቴሪያ ማኅበር ለማፍራት አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስድበታል። ስለዚህ አሸዋውን፣ ድንጋዩንና የፊልተሩን ስፖንጅ በአንድ ቀን አጥቦ መተካት ገንዳውን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል ማለት ነው። የፊልተሩ ስፖንጅ በሥራው ሰዓት ሁሉ በገንዳው ውሃ ተነክሮ መቆየት ይኖርበታል፤ ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ ማጠብ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። ለዓመታት ያልተነካ ወፍራም አሸዋ ሲገለበጥ ደግሞ በሥሩ የተጠራቀመው ቆሻሻ፣ አንዳንዴም የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ወደ ውሃው ይለቀቃል። ስለዚህ ዓሦቹን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ወደ ተከደነ ባልዲ ማዛወርና አየር የሚነፋ ፓምፕ ማስገባት ይገባል።

አደራደሩን መለወጥ ሆን ተብሎ ለጸብ ማብረጃም ይውላል። የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ ክፍል በሆነው የማላዊ ሐይቅ በድንጋይ መካከል የሚኖሩት ምቡና የሚባሉት ዓሦች ድንበራቸውን በጽኑ ይከላከላሉ፤ አዲስ የገባ ዓሣም በነባሮቹ ሊቆስል ወይም ሊሞት ይችላል። አዲሶቹ ከመግባታቸው በፊት ድንጋዮቹ ሲዛወሩ የነባሮቹ ድንበር ይፈርሳል፤ ሁሉም ቦታ ፈላጊ ይሆናል፤ ጥቃቱም ወደ ብዙ ዓሦች ይበተናል። ከእይታ የሚከልሉ ቀዳዳዎች ካልተዘጋጁ ግን ለውጡ ብቻውን በቂ አይሆንም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ውሃው ጥቂት ቀናት ሊደፈርስ፣ የተዛወሩ ዕፅዋትም አሮጌ ቅጠላቸውን ሊያራግፉ ይችላሉ። በዚህ ወቅት ምግብ ቀነስ ይደረጋል፣ መብራቱም ያጥራል፤ አሞኒያና ናይትራይት በመመርመሪያ ይለካሉ፤ ከታዩም በክሎሪን ማስወገጃ የታከመና በሙቀት የተቀራረበ ውሃ ተጨምሮ የገንዳው ውሃ በከፊል ይቀየራል፤ ይህም ልኬቱ ዜሮ እስኪሆን ድረስ ይደገማል።