«ያልተቀጣ ልጅ» እና ሌሎች ስለ ትምህርት ቤት ደንብ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

በምዝገባ ሰሞን ባሕር ዳር ውስጥ ወደ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብቅ በሉ። ወላጆች የልጆቻቸውን ካርድ ይዘው ይሰለፋሉ። ከሚሞሉት ቅጽ ጋር ብዙ ጊዜ የተማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ አብሮ ይሰጣል። ወላጅ ይፈርምና ይሄዳል። ቆሞ ሲያነበው ያየሁት ሰው በጣም ጥቂት ነው።

መምህር ነኝ። አራት ዓመት በዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ። ወላጆችም፣ ተማሪዎችም፣ እኛ መምህራንም ስለ ደንቡ የምናምነው ብዙው ነገር ስህተት እንደሆነ ያየሁት እዚያ ነው። ከሁሉ የከፋውን ላስቀድም።

«ወላጅ ከፈቀደ መምህር መምታት ይችላል»

አንድ ጊዜ ከዘጌ በኩል የመጣ አባት ልጁን አስረክቦኝ «መምህር፣ ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ፤ ሌላውን እንደፈቀዱ ያድርጉት» አለኝ። ይህን ያለው ልጁን ጠልቶ አይደለም። አምኖ አደራ መስጠቱ ነበር።

ሕጉ ግን ይህን ፈቃድ አያውቀውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ነው። ሕፃን በትምህርት ቤት ውስጥ አካሉ ላይ ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳለው በግልጽ ይናገራል። መብቱ የልጁ ስለሆነ አባት ለመምህር አሳልፎ ሊሰጠው አይችልም። ነገሩ በአለንጋ ብቻም አያበቃም። በጎማ መግረፍ፣ ጠጠር ላይ ማንበርከክ፣ በሚያዝያ ፀሐይ ሜዳ ላይ ማቆም፣ ሁሉም አካል ላይ የሚፈጸም ቅጣት ነው።

እኔም መትቻለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። ልጁ የቤት ሥራ አልሠራም ነበርና መታሁት። በማግስቱም ሳይሠራ መጣ፤ ደገምኩት። በሦስተኛው ቀን ከነጭራሹ ቀረ። ዛሬም ስሙንና የሚቀመጥበትን ዴስክ አልረሳሁም።

ይህን ስናወራ ተረት የሚጠቅስ ሰው አይጠፋም፤ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይላል። እስቲ ቃሉን ልብ እንበለው። በእኛ አማርኛ «የተቀጣ ልጅ» ሲባል ማን ነው ወደ አእምሯችን የሚመጣው? ታላቁን የሚያከብር፣ እንግዳ ሲመጣ የሚነሳ፣ ሥርዓት የገባው ልጅ ነው። ሲደበደብ ያደገ ልጅ ማለታችን አይደለም። ተረቱ ራሱ የሚያወራው ስለ አስተዳደግ ነው።

«እንግዲያማ መምህሩ እጁ ታስሯል»

ይህ የባልደረቦቼ ቅሬታ ነው፤ ስሜቱም ይገባኛል። ክፍል ሙሉ ልጅ ይዞ፣ ከኋላ ሲረብሹ፣ ድምፅህ ሲዘጋ ዱላ አጭሩ መንገድ ይመስላል። ነገር ግን ደንቡ መምህሩን ባዶ እጁን አልተወውም። ምክር አለ። የሆምሩም መምህሩ አለ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ወላጅ መጥራት፣ ለተወሰነ ቀን ማገድ አለ። መምህርን መሳደብና መደባደብ፣ ስለት ይዞ መግባት፣ ጫት ቅሞ ክፍል መገኘት በየትኛውም ትምህርት ቤት በከባድ ጥፋት የሚታዩ ናቸው። እነዚህ መንገዶች ከዱላ ይዘገያሉ፣ ወረቀትም ይፈልጋሉ። ብዙዎቻችን የምንሸሸው ያንን ወረቀት ነው።

«የሚያረፍድ ልጅ ሰነፍ ነው፣ በሩ ይዘጋበት»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ያረፍዳል። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በሩ ይዘጋል፤ ጥበቃው አያስገባውም። ከሌሎች አርፋጆች ጋር አጥሩ ሥር ይቆምና ሲሰለቸው ጆተኒ ወደሚጫወቱበት ይሄዳል። በመዝገቡ ላይ ግን የሚጻፈው «ፎረፈ» ተብሎ ነው። በዚህ አኳኋን ፋይሉ ወፈረና እኛ ዘንድ ቀረበ።

ክሱ ተነበበ። ሁላችንም አንድ ሳምንት ይታገድ ለማለት ተዘጋጅተን ነበር። ከመካከላችን አንዲት አንጋፋ መምህርት «ለምን ታረፍዳለህ፣ የኔ ጌታ?» አሉት። ያን ያህል ወረቀት ሲጻፍበት ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

አባቱ ታሟል። ከአጎቱ ጋር ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጣና ላይ ወጥቶ ማታ የተጣለውን መረብ ያነሳል። ዓሣው ፀሐይ ሳይበረታ መሸጥ አለበት። ማዕበል ከተነሳ ወይም መረቡ ከተያያዘ ይዘገያሉ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ይሮጣል። ሽታው ስለማይለቅ ከኋላ ብቻውን ይቀመጣል። ይህን ሁሉ የነገረን መሬት መሬት እያየ ነው።

አንድ ሳምንት ብናግደው ኖሮ የምንቀጣው ትምህርት ያመለጠውን ልጅ ትምህርት በመከልከል ነበር። የከሰዓት ፈረቃ ስላለን ወደዚያ አዛወርነው። ማርፈዱ ቆመ።

ልጅን መጠየቅ የመምህርቷ ደግነት ብቻ ሊመስለን ይችላል። ግዴታም ነው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጅ እርሱን በሚመለከት ጉዳይ ሐሳቡን እንዲናገርና እንዲደመጥ ያዛል። አንቀጽ 28 ደግሞ የትምህርት ቤት ዲሲፕሊን የልጁን ሰብዓዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ይላል።

«ርዕሰ መምህሩ ከፈለገ ያባርራል»

ማባረር የአንድ ሰው ቁጣ ውጤት መሆን የለበትም። ጉዳዩ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ይጣራል። ከባድ ሲሆን የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ፣ ማለትም ወተመህ፣ ይወያይበታል። ወላጆች፣ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁ። የትኛው የደንቡ አንቀጽ እንደተጣሰም ይነገራችሁ። ቅር ካላችሁ የክፍለ ከተማውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት አነጋግሩ። «ነገ እንዳትመጣ» የሚል የበር ላይ ቃል ውሳኔ አይደለም።

«ያረገዘች ተማሪ በሥነ ምግባር ትሰናበታለች»

አትሰናበትም። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር አንቀጽ 11 ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ያረገዙ ልጃገረዶች የመቀጠል ዕድል እንዲያገኙ ያዛል። ደግሞም ብዙ ጊዜ በደል የደረሰባት እርሷ ናት። የበደላትን ሰው ሳንጠይቅ እርሷን በር ላይ ማስቆም ይከብደኛል።

«የተወረሰ ስልክ የትምህርት ቤቱ ነው»

ስልክ ይዞ መግባት ከተከለከለ መውሰድ ይቻላል። ንብረቱ ግን የባለቤቱ ነው። ይመዘገባል፣ ለወላጅ ይመለሳል።

«ወላጅ አምጪ ከተባልኩ ማንም ይቅረብልኝ»

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከአጎቷ ጋር መጣች። አጎቷ የባጃጅ ሹፌር ነው። በወሩ ያው ሰው የሌላ ተማሪ አጎት ሆኖ ቀረበ። ከፍለውት ኖሯል።

ልጅቷን ለብቻዋ አስጠርቼ ለምን እንዳደረገችው ጠየቅኋት። «ቤት ከሰሙ ይገድሉኛል» አለች። ተማሪዎች ወላጅ የምንጠራው ቤት ሄዶ እንዲደበድብልን ይመስላቸዋል። ወላጆችም እንደዚያ ስለሚመስላቸው አንዳንዶቹ ቢሮአችን ውስጥ ይጀምሩታል። እኛ የምንፈልገው ልጁ ቤት ውስጥ ምን እንደገጠመው ለማወቅ፣ ከእኛ ዘንድ ያየነውንም ለመንገር ነው።

እናትየው ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ትሸጣለች። የመጣችው ዕቃዋን ለጎረቤቷ ጥላ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆመች። ግቢ ብላትም አልገባችም። «ምን ሰበረች፣ መምህር? እከፍላለሁ» አለች። የሰበረችው ነገር አልነበረም። በሒሳብ ወደኋላ ቀርታ ከክፍል እየሸሸች እንደሆነ ነገርኳት። ቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ እንዲኖራት፣ የገበያውን ሥራ ከሰዓት እንድታግዝ ተስማማን። ከዚያ በኋላ ነው ገብታ የተቀመጠችው።

ከዚያ ወዲህ ለክፍሌ ተማሪዎች ወላጆች ጥፋት ሳይኖርም እደውላለሁ። ስልኩን ሲያነሱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አሁንም «ምን አጠፋ?» ነው።